ለአሥራ ሁለት የተበለተ ፈተና

ስሜ ይመኙሻል ይባላል፤ ማን እንደተመኘኝ ግን እስካሁን አልተገለጸልኝም። ጁባ ውስጥ ሃይ አማራት ሰፈር መጥታችሁ የእትዬ አረጋሽን ምግብ ቤት ብትጠይቁ የማያሳያችሁ የለም። እኔ ጓዳ ነኝ። አራት ዓመት ሙሉ ከዚያ ጓዳ የወጣሁት ለገበያ፣ ለቤተ ክርስቲያንና ለወባ ብቻ ነበር።

ወባውን ያነሳሁት ያለ ምክንያት አይደለም። በዚያን ጊዜ እኛ ሰፈር ታሞ ደም የሰጠ ሰው ውጤቱን መጠበቅ አያስፈልገውም ነበር፤ ሁላችንም ወባና ታይፎይድ ነበረብን። ራሱን ያመመው ወባና ታይፎይድ፣ ወገቡን የቆረጠመው ወባና ታይፎይድ። እኔ አንድ ጊዜ ተንሸራትቼ ቁርጭምጭሚቴ ወለም ቢለኝ፣ ደም ወስደው ወባና ታይፎይድ ብለውኛል። በአንድ ዓመት ውስጥ ሦስት ጊዜ የታይፎይድ መድኃኒት ዋጥኩ። በሦስተኛው ሆዴ ተበላሽቶ ሁለት ሳምንት ተኛሁ፤ ቆይቶ ሌላ ቦታ ሲጣራ ታይፎይድ የሚባል ነገር ነክቶኝ አያውቅም። ያኔ ተናደድኩ። እኔ ስናደድ ወይ ዕቃ እሰብራለሁ ወይ አስባለሁ፤ አልጋ ላይ ስለነበርኩ የሚሰበር ዕቃ አጠገቤ አልነበረም። ያ በማይክሮስኮፕ የሚያየው ሰውዬ እውነት አይቶ ነው ወይስ ከልማድ ነው የሚጽፈው አልኩ። ደግሞስ እኔ ባየውስ?

ይህን ሐሳብ ለማንም ሳልተነፍስ ስዞር ተካልኝ ጉድ ይዞ መጣ። ተካልኝ ደንበኛችን ነው። ጀበል ሰፈር ባለ አንድ የእርዳታ ድርጅት ክሊኒክ የግምጃ ቤት ኃላፊ ሆኖ ይሠራል፣ በየቀኑ ተጋቢኖ ይበላል፣ በየቀኑም ጨው በዛ ይላል። አንድ ቀን ስለ ጨው ሊከሰኝ ጓዳ ድረስ መጣና ክሊኒኩ ከሰኔ ጀምሮ ስድስት የላብራቶሪ ረዳቶች ሊያሠለጥን መሆኑን እንደ ተራ ወሬ ጣል አደረገ።

«ማንም ሰው ይገባል?» አልኩት ግድ የሌለኝ መስዬ፣ ሽንኩርቴን እየከተፍኩ።

«ሦስት ነገር ነው የሚጠይቁት። አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረሰ፣ ከኮሌጅ የመግቢያ ባዮሎጂ ኮርስ ወስዶ ሃምሳና ከዚያ በላይ ያመጣ፣ ዕድሜው ከአርባ ያላለፈ። ለማን ፈልገሽ ነው?»

«ለአንዲት ልጅ።»

ልጅቱ እኔ ነበርኩ። አሥራ ሁለተኛን ጨርሻለሁ፤ በማትሪክ ባዮሎጂ ያመጣሁትን ግን ለንስሐ አባቴም አልተናገርኩም። ዕድሜዬ አርባ ነበር፤ በሐምሌ አርባ አንድ ይሞላኛል። ስለዚህ ዘንድሮ ካለፍኩ አለፍኩ፤ ካላለፍኩ ቀሪ ዘመኔ ከሽንኩርት ጋር ነው። ሽንኩርትን አልጠላውም። ግን ሃያ ዓመት አብሬው አልቅሻለሁ፣ ይበቃል።

የደቡብ ሱዳን የነፃነት ሪፈረንደም በተደረገ በወሩ ኮሎሎ መንገድ ላይ ካለ አንድ ትንሽ ኮሌጅ ተመዘገብኩ። ኮሌጅ ስላችሁ ሰፊ ግቢ እንዳትጠብቁ፤ አንድ ቪላና ሁለት ኮንቴይነር ነው። ትምህርቱ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ስለሆነ የምሳውን ግርግር ጨርሼ እደርሳለሁ። የመጀመሪያው ቀን ደብተሬን በፌስታል ይዤ ስገባ ዘበኛው አስቆመኝ።

«ማማ፣ አኪል ሂናክ» ብሎ ወደ አስተማሪዎቹ ቢሮ ጠቆመኝ። ምግብ ያመጣሁ መስሎታል። ተማሪ ነኝ ብለው ሳቀብኝ። ደብተሬን አውጥቼ ባሳየው ተቀበለኝና አሸተተው። አልፈርድበትም፣ በርበሬ በርበሬ ይል ነበር።

ክፍሉ ውስጥ አሥራ አራት ነን፤ ከአሥራ ሦስቱ እናታቸው ልሆን የማልችለው አንድም የለም። አስተማሪያችን ሉቃስ የዚሁ አገር ሰው ነው፤ ረጅም፣ ሸሚዙን በዚያ ሙቀት እስከ አንገቱ የሚቆልፍ። ያደገው ኢታንግ ስደተኞች ካምፕ፣ የተማረው ጅማ ስለሆነ አማርኛው ከኔ ይሻላል። ክፍል ውስጥ ግን ከእንግሊዝኛ በቀር አይናገርም፤ እኔንም «ሚስ» ነው የሚለኝ። እትዬ የምሆነው ደጅ ስንወጣ ነው። አጠገቤ የምትቀመጠው ሮዳስ ደግሞ ጠዋት ጠዋት ትኬት ቢሮ የምትሠራ የሃያ አንድ ዓመት ልጅ ናት። የምጽፈውን አይታ መጀመሪያ ትስቃለች፣ ቀጥላ ታዝናለች፣ በመጨረሻ ታስረዳኛለች።

ሉቃስ የሚናገረውን እንግሊዝኛ ስለማልደርስበት በአማርኛ ፊደል እከትበው ነበር። በማግስቱ ጓዳ ውስጥ ስገልጠው የራሴን ጽሑፍ አላውቀውም። «ማይቶኮንድሪያ» የሚል ቃል ሦስት ገጽ ላይ አገኘሁና ምናልባት አንድ ትልቅ ሳይንቲስት ይሆናል ብዬ አለፍኩት። ሴል ሣሉ ስንባል የኔው የተጠበሰ እንቁላል መሰለ፤ ሮዳስ «እትዬ፣ ቃሪያ ብቻ ነው የቀረው» አለችኝ።

አንድ ቀን ብቻ አብርቻለሁ። ሉቃስ ውኃ በስስ ግድግዳ አልፎ ጨው ወደበዛበት ይሄዳል እያለ ኦስሞሲስ የሚሉትን ነገር ሲያስረዳ እጄን አወጣሁ። በዚያ በተሰባበረ እንግሊዝኛዬ «ጎመን ከትፈን ጨው ስንነሰንስበት ውኃውን የሚለቀው ለዚህ ነው?» አልኩ። ሉቃስ ጠመኔውን አስቀምጦ አጨበጨበልኝ። ከዚያ በኋላ አንድ ሳምንት ማን ይቻለኝ! ለእትዬ አረጋሽ ኦስሞሲስ፣ ለተካልኝ ኦስሞሲስ፣ ለሥጋ ሻጩ ሳይቀር ኦስሞሲስ። የአጋማሹ ፈተና ሲመጣ ኦስሞሲስ የተጠየቀበት ላይ ጎመን ጻፍኩ፤ ሌላውም ጥያቄ ላይ ጎመን ጻፍኩ፤ ተክል ከፀሐይ እንዴት ምግብ እንደሚሠራ የተጠየቀበት ላይማ ጎመን ራሱ ተክል አይደል ብዬ በልበ ሙሉነት ጎመን ጻፍኩ። ከሠላሳው አሥራ አንድ አገኘሁ።

የቀረው አርባው ለተግባር ፈተና፣ ሠላሳው ለማጠቃለያ ነው። ተስፋ ልቆርጥ ትንሽ ሲቀረኝ ሉቃስ የተግባሩ ፈተና ዶሮ መክፈት መሆኑን ነገረን። እያንዳንዱ ተማሪ አንድ ዶሮ ይዞ ይመጣል፣ ይከፍታል፣ ውስጡን ያሳያል። ልጆቹ ተንጫጩ። ሮዳስ አፏን በሁለት እጇ ያዘች። እኔን ሳቅ አፈነኝ። ዶሮ! ለእኔ! ካህንን በአቡነ ዘበሰማያት መፈተን ማለት እኮ ነው።

«አርባው ኪሴ ገብቷል» አልኳት እትዬ አረጋሽን። «ሉቃስም ቢሆን ከኔ አንድ ነገር ይማራል።»

እትዬ አረጋሽ ከኔ አሥር ዓመት ትበልጣለች፤ ጉራ አትወድም፤ የምትወደው ነገር ቢኖር ጾም ነው። «ይመኙ፣ አፍሽን ሰብሰብ አድርጊ፣ ሁዳዴ ነው» አለችኝ።

እውነትም ሁዳዴ ነበር፤ ፈተናው የዋለው በሰሞነ ሕማማት ረቡዕ ነው። እትዬ አረጋሽ በጾም ሥጋ ከቤቷ ስለማታስገባ ዶሮ ከነካሁ ሃምሳ ቀን አልፎኛል። በዚያ ላይ ለፋሲካ ዋዜማ የአርባ ዶሮ ትእዛዝ ተቀብለናል፤ ቅዳሜ አርባውንም የምበልተው እኔ ነኝ። ይህን የምነግራችሁ ለሚመጣው ነገር ሰበብ እንዲሆነኝ ነው።

ለፈተናው ዶሮ ልገዛ ኮንዮ ኮንዮ ገበያ ወረድኩ። ላባውን እፍ ብዬ፣ ደረቱን ዳብሼ፣ በእግሩ አንጠልጥዬ ክብደቱን ለክቼ አንድ ቀይ አውራ ዶሮ መረጥኩ። ልጆቹ ይዘው የመጡት ጉንፋን የያዛት የምትመስል ቄብ ቄብ ነው። ሉቃስ በር ላይ ዶሮዬን ሲያይ «እትዬ፣ ሠርግ አለ እንዴ?» አለኝ። ኮራሁ።

ዶሮዎቹን ክዳን ባለው ባልዲ ውስጥ አድርገው በመድኃኒት አፍነው ገደሏቸው። የኔው ቆርቆሮ ሳህን ላይ ተጋድሞ ሲቀርብልኝ ቢላ ያልነካው አንገቱን አየሁና ደነገጥኩ።

«ቲቸር፣ ማን ባረከው?» አልኩት በአማርኛ።

«ክሎሮፎርም» አለኝ ሳይስቅ።

መመሪያው አጭር ነበር። ላባውን ከሆዱ ላይ ብቻ ንቀሉ፤ ቆዳውን ሰንጥቁ፤ ደረቱን ክፈቱ፤ አንድም ነገር ከቦታው ሳታነሱ ሃያ ክፍሎችን ፈልጋችሁ ቁጥር የተለጠፈባቸውን ሃያ ስፒሎች በየቦታቸው ትከሉ። አንድ ሰዓት ተሰጠን።

ከዚያ የሆነውን እኔም ሙሉ በሙሉ አላውቀውም። የሆዱን ላባ መንቀል መጀመሬን አስታውሳለሁ። ግን ግማሹ የተነቀለ ዶሮ ነውር ነው፤ ማን ቤት ያደገች ይሉኛል? እጄ ወደ ጎኑ፣ ከጎኑ ወደ ጀርባው ሄደ። ልቤ ደግሞ ቅዳሜ ላይ ነበር። ለአርባ ዶሮ ስንት ሽንኩርት ይበቃል፣ በርበሬው ይደርሳል አይደርስም፣ ቅቤውን በማን አስነጥራለሁ እያልኩ ሳሰላስል እጄ ቆዳውን ገፈፈ። የሆድ ዕቃውን ባንዴ ስቤ ባልዲ ውስጥ ጣልኩት። ሳንባውን ከጎድኑ ሥር በጥፍሬ ፋቅሁ። ኩላሊቱን ከጀርባው ቦርቡሬ አወጣሁ፤ ኩላሊት የተወች ሴት እንዳልባል። አንደኛው መላላጫ ወጣ፣ ሁለተኛው ወጣ። ክንፉ፣ ፈረሰኛው፣ አንገቱ ተከተለ። አንድም አጥንት አልተሰበረብኝም፤ ሁሉንም በመገጣጠሚያው። ማንጎራጎርም ጀምሬ ነበር መሰለኝ። ጊዜው ሳይጋመስ ጨርሼ ቀና አልኩና ሎሚና ጨው ፈለግሁ።

የነቃሁት ሎሚውን ስፈልግ ነው።

ዙሪያዬን አየሁ። በየሳህኑ ላይ የተከፈተ ዶሮ ከነሙሉ ዕቃው ተኝቷል። ሮዳስ እንኳ ዓይኗን ጨፈን እያደረገች ስድስተኛ ስፒሏን ትተክላለች። የኔ ሳህን ላይ አሥራ ሁለት ንጹሕ ብልት በሥርዓቱ ተደርድሯል። ሃያዎቹ ስፒሎች ከጎኑ እንደተቀመጡ ናቸው። ምን ላይ ልተክላቸው?

«ማማ፣ ናር ወይን?» አለ ከኋላዬ አንዱ፤ እሳቱስ የት አለ ማለቱ ነው። ኮንቴይነሩ በሳቅ ሊፈነዳ ደረሰ።

ሉቃስ መጣ። እሱ አልሳቀም። ጣቱን እያስኬደ ብልቶቹን በሹክሹክታ ቆጠረ። እዚያ ክፍል ውስጥ ምን እንዳደረግሁ የገባው እሱ ብቻ ነበር፤ ልጆቹ ያበድኩ ነው የመሰላቸው። ለመጀመሪያ ጊዜ በክፍል ውስጥ በአማርኛ ተናገረኝ።

«አሥራ ሁለቱ ሞልቷል፣ እትዬ። ሃያዎቹ ግን የሉም።»

ወደ ባልዲው ሮጥኩ። የአሥራ አራት ዶሮ ላባና ቆሻሻ ውኃ ውስጥ እጄን ሰድጄ ሳንባዬን ፈለግሁ፤ የዶሮዬን ማለቴ ነው። ያገኘሁትን አንጀት ይዤ «ይኸው፣ ይኸው አለ!» አልኩ። ሉቃስ ከቦታው የወጣ ነገር አይቆጠርም አለ። እዚያው ቆሜ አለቀስኩ። ያለ ሽንኩርት ማልቀስ እንዴት እንደሆነ ረስቼው ነበር።

ሁሉም ሲወጣ ለመንኩት። ዕድሜዬን ነገርኩት፣ ሐምሌን ነገርኩት፣ ስድስቱን ቦታ ነገርኩት። በኮሌጁ ደንብ ድጋሚ የሚፈተን ሰው ውጤቱ በግማሽ ይያዝለታል፤ ከአርባ ሳይሆን ከሃያ ማለት ነው። ፋሲካ ባለፈ ማክሰኞ ሌላ ዶሮ ይዤ እንድመጣ ፈቀደልኝ።

«ምን ሆነሽ ነው ግን?» አለኝ።

«እጄ ነው፣ ቲቸር። እጄ ያውቀዋል።»

«እጅሽን አልጠየቅኩትም እኮ። ዓይንሽን ነው የምፈትነው።»

አሥራ አንድ አለኝ። ሃያውን ሙሉ ባመጣ ከማጠቃለያው አሥራ ዘጠኝ ይበቃኛል። እንግዲህ መለማመድ ነው፤ መለማመጃ ደግሞ አላጣሁም፣ አርባ ዶሮ ቅዳሜ ይጠብቀኛል።

ቅዳሜ ጠዋት ሮዳስ የሣለችልኝን የዶሮ ሆድ ዕቃ ሥዕል ግድግዳው ላይ ለጥፌ ጀመርኩ። እያንዳንዱን ዶሮ ሆዱን ከፍቼ፣ ምንም ሳልነካ፣ እየጠቆምኩ በእንግሊዝኛ ስሙን እጠራለሁ። ሐሞቱን ብቻ አስቀድሜ ቆንጥሬ አነሳለሁ፤ የሰው ፋሲካ ነው፣ ቢፈነዳብኝ የሰው ድስት ይመራል። ሌላው ሁሉ በቦታው ሆኖ አየዋለሁ። ሃያ ዓመት በጥፍሬ እየፋቅሁ የጣልኩት ሳንባ ከጎድኑ መሐል እንዲህ ተጣብቆ፣ እንዲህ ሮዝ ሆኖ የሚያምር ነገር መሆኑን አላውቅም ነበር። ጉበቱ ልቡን በሁለት እጁ እንደሚይዝ ሰው ይዞታል። ይህን ሁሉ ዘመን ስንት ሺህ ዶሮ ከፍቼ አንዱንም አላየሁም ማለት ነው። አፈርኩ። ደግሞ ደስ አለኝ፤ ሁለቱ አብረው መጡብኝ።

እትዬ አረጋሽ በበሩ ብቅ ስትል ሃያ ሦስተኛው ዶሮ ላይ ጎንበስ ብዬ አንሾካሹካለሁ።

«ምንድን ነው የምትደግሚው? ድግምት ነው?»

«ፓንክሪያስ ነው፣ እትዬ።»

«በስመ አብ በይ! ሰው ውጭ ቆሞ ይጠብቃል፣ እሷ ዶሮ ታናግራለች!»

በቀን ሊወስዱ የመጡ ሰዎች ድስታቸውን የወሰዱት ሲመሽ ነው። እትዬ አረጋሽ በፋሲካ ማግስትም አላናገረችኝም፤ በጾሙ ያስቀመጠችውን ቁጣ ሁሉ ፈሰከችብኝ።

ማክሰኞ ኮንቴይነሩ ውስጥ ሉቃስና እኔ ብቻ ነበርን። ቀኝ እጄን ስለማላምነው ቢላውን በግራዬ ያዝኩ። ቀስ ብዬ ከፈትኩ። ልቡ በቦታው፣ ሳንባው በቦታው፣ ኩላሊቱ ከጀርባው ሥር በቦታው። ስፒሎቹን አንድ በአንድ ተከልኩ፤ ሃያውም አለቁ። ወረቀቱን አስረከብኩና እየዘለልኩ ልወጣ ትንሽ ቀረኝ። ሉቃስ ሳህኑ ላይ ጎንበስ ብሎ አንድ ቦታ ላይ ቆየት አለ፤ በደስታዬ ልብ አላልኩትም።

ለማጠቃለያው ፈተና ግን ስለ ጎመን አንድ ቃል ላለመጻፍ ተሳልኩ። ሮዳስ ወር ሙሉ ከሥራዋ እየወጣች ጓዳ መጥታ አስጠናችኝ፤ እኔ ስከትፍ እሷ ትጠይቃለች። ማይቶኮንድሪያ ሰው አለመሆኑ በመጨረሻ ገባኝ።

ውጤት ኮንቴይነሩ በር ላይ ሲለጠፍ ስሜን አገኘሁ። አጋማሽ አሥራ አንድ። ማጠቃለያ አሥራ ዘጠኝ። እልል ልል አፌን ከፍቼ ሳለ መሐሉን አየሁ፤ ተግባር አሥራ ዘጠኝ። ድምር አርባ ዘጠኝ። በጣቴ ደመርኩ፣ በስልኬ ደመርኩ፣ ሮዳስን ጠርቼ አስደመርኩ። አርባ ዘጠኝ ነው።

ሉቃስ ቢሮው ነበር። ምንም ሳልናገር የተግባር ወረቀቴን ከመሳቢያው አወጣ፤ እንደምመጣ ያውቅ ኖሯል።

«አሥራ አራተኛው ስፒል» አለኝ። «ሐሞት ብለሽ የተከልሽው ጉበቱ ላይ ነው። ጉበቱ ላይ አረንጓዴ ምልክት ነበር፤ ሐሞቱ ግን አልነበረም።»

ሁሉም ነገር ባንዴ ታየኝ። ግራ እጄ ሲከፍት ቀኝ እጄ ሥራ ፈትቶ ነበር። ቅዳሜ ዕለት አርባ ጊዜ ያደረገውን አርባ አንደኛ አድርጎታል፤ ቆንጥሮ አንስቶ ጣለው፣ ሽርጤ ላይ ጠረገው። ዶሮ ውስጥ ሐሞት ትታ የምትሄድ ሴት የት አለች? ከዚያ ስፒሉን መኖር በነበረበት ቦታ ተከልኩ። አላየሁትም። እዚያ እንደሚኖር ስለማውቅ አለ ብዬ አለፍኩ።

ሉቃስ እስክሪብቶውን ከፍቶ ወረቀቱ ላይ ያዘው። ዓይኑን ከወረቀቱ አላነሳም።

«ምናልባት እኔ በደንብ አላየሁት ይሆናል» አለ። «ነበረ ካልሽኝ አምንሻለሁ፣ እትዬ።»

ውሸት አልነግራችሁም፤ ነበረ ለማለት አፌን ከፍቻለሁ። አንድ ቃል ነው። ስድስቱ ቦታ፣ ነጭ ጋውን፣ ሽንኩርት የማይሸት እጅ፣ ሁሉም ከዚያች ቃል ማዶ ቆሟል። ግን ነገ አንዱ ደሙን ሰጥቶ ቁጭ ብሎ ሲጠብቅ፣ እኔ ያላየሁትን አለ ብዬ የምጽፍ ከሆንኩ ምን ልሠራ ነው የምሄደው?

«አልነበረም» አልኩ።

እስክሪብቶውን ዘጋ። እኔም ቀና ብዬ፣ እንደ ቅድስት፣ ወጣሁ። ቅድስናዬ የቆየው እስከ ግቢው በር ነው። በሩ ላይ ስደርስ ምን ዓይነት ጅል ነኝ ብዬ ተመለስኩ። ቢሮው ደጃፍ ደርሼ አፍሬ ዞርኩ። እንደገና ተመለስኩ። በሦስተኛው ዘበኛው ወንበሩን ለቀቀልኝ፤ ማማ አርፊ አለኝ። ተቀምጬ አለቀስኩ፤ እሱም ምን እንደሆንኩ ሳይጠይቅ አጠገቤ ቆመ።

በማግስቱ ተካልኝ ተጋቢኖውን ሊበላ መጣ።

«ያቺ ልጅስ?» አለኝ። «የምዝገባው ቀን ዓርብ ያበቃል።»

«ወደቀች።»

«በምን?»

«በአንድ ሐሞት።»

ቀና ብሎ አየኝ። ከዚያ ዓይኑን ወደ ሳህኑ መልሶ በላ፤ በዚያን ቀን ስለ ጨው ምንም አላለም። እትዬ አረጋሽ ከመጋረጃው ጀርባ ሰምታ ኖሮ ማታ ሽንኩርቱን ከእጄ ወስዳ ራሷ ከተፈችልኝ። ይህ ከሷ ብዙ ነው።

ሰኔ ላይ ስድስቱ ሠልጣኞች ገቡ። ሐምሌ ላይ አገሩ ነፃ ወጣ፤ ሰው ሁሉ መንገድ ላይ ሲጨፍር እኔ ደግሞ አርባ አንድ ሞላኝ። መስከረም ሲጠባ ኮሎሎ መንገድ ያለው ኮሌጅ አዲስ ተማሪ ይቀበላል ሲሉ ሰማሁ። ከምሳ በኋላ ሽርጤን አውልቄ ሄድኩ። ለምን እንደሄድኩ ለእትዬ አረጋሽም ለራሴም አልነገርኩም።

መዝጋቢዋ አዲስ ልጅ ናት፣ አታውቀኝም። ቅጹን በእንግሊዝኛ እየጠየቀች ትሞላለች።

«ለየትኛው ፕሮግራም ነው? ነርስ? ላብራቶሪ?»

«ለአንዱም አይደለም። ዕድሜዬ አልፏል።»

«ታዲያ ባዮሎጂ ምን ያደርግልሻል?»

ከኋላዬ ረጅም ሰልፍ አለ፤ ልጆቹ አንገታቸውን አስግገው ያዩኛል።

«ለማየት» አልኳት።

«ምን ለማየት?»

«ያለውን።»

ልጅቷ «ሌላ» ከሚለው ሳጥን ላይ ምልክት አደረገች። እኔም ፈረምኩ። ትምህርቱ የሚጀምርበት ዘጠኝ ሰዓት ሊሞላ ጥቂት ስለቀረው ኮንቴይነሩ ውስጥ ገብቼ ፊት ለፊት ካለው ወንበር ተቀመጥኩ።